ዘጠኝ ሳምንት ሥራ፣ ከዚያስ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቴአትር መድረክ ላይ ወጥቶ ተመልካች ከወደደው ቀን ይሰጠዋል። የእሑዱ፣ የማክሰኞው፣ የሐሙሱ እየተባለ በሳምንት አንዴ እየታየ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ተዋናዩ የቴአትር ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ ድርሻ ባልደረሰበት ወርም ደመወዙ አይቀርም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ከተመሠረተ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ከተከፈተ ወዲህ የሀገራችን የመድረክ ሙያ በአመዛኙ ያደገው በቅጥር ጥላ ሥር ነው። ደመወዙ ትንሽ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም የሥራ መታወቂያ አለ፣ የጡረታ መዋጮ አለ፣ ጠዋት የሚገባበት ግቢና ሻይ አብሮ የሚጠጣ ባልደረባ አለ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አንድ ተውኔት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይለመዳል፤ ከዚያ በሳምንት እስከ ስምንት ጊዜ እየታየ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ይቆያል። የመጨረሻው ትርኢት ካበቃ በኋላ የመድረኩ ግንባታ ወዲያው ይፈርሳል። ተዋናዩም፣ የመብራት ባለሙያውም፣ አልባሳት አዘጋጇም በዚያው ይለያያሉ። ልምምዱና ትርኢቱ ተደምረው ዘጠኝ ሳምንት ግድም ቢሆን፣ ውሉ ዘጠኝ ሳምንት ነው። በአሥረኛው ሳምንት ሁሉም ሥራ ፈላጊ ነው።

ከሀገር ቤት የመጣ ባለሙያ በዚያ ከተማ ሥራ ሲያጣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል። ስሜ ስላልታወቀ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ስላልተቃና ነው፣ ዕድሜዬ ስለገፋ ነው ይላል። እነዚህ ነገሮች ይከብዳሉ፤ አይካድም። ነገር ግን እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ ሽልማት የተቀበለ ተዋናይም ቋሚ ሥራ የለውም። ሙያው ራሱ በየውሉ እየተጀመረ በየውሉ የሚያልቅ ነው፤ በተለምዶ ፍሪላንስ የምንለው ይህንኑ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሥርዓቱን ጠባይ የግሉ ውድቀት አድርጎ ይሸከመዋል፣ ብዙዎችም በዚህ ሸክም ምክንያት ከመድረክ ርቀው ቀርተዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሥርዓቱን ከሥሩ ማወቅ ለባለሙያውም፣ “መቼ ነው ደኅና ሥራ የምትይዢው?” እያለ ለሚጨነቀው ቤተሰብም ይጠቅማል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዜልዳ ፊቻንድለርና ባልደረቦቿ አሬና ስቴጅን በዋሽንግተን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ከተማው ገና በዘር በተከፋፈለበት በዚያ ዘመን ጥቁሩም ነጩም ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያይበት ቴአትር ቤት ነበር። አሬና ለረጅም ዓመታት የራሱን ቋሚ የተዋንያን ቡድን ይዞ ሠርቷል። ሮበርት ፕሮስኪ የተባለው ተዋናይ ወደ ሲኒማና ቴሌቪዥን ከመሻገሩ በፊት በዚያ መድረክ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተውኗል። እ.ኤ.አ. በ1976 አሬና ከኒውዮርክ ውጭ የቶኒ ሽልማት የተሰጠው የመጀመሪያው ቴአትር ቤት ሲሆንም ይኸው ቋሚ ቡድን ነበረው። ይሁን እንጂ ቋሚ ቡድን ማለት ድርሻ ቢኖርም ባይኖርም በየሳምንቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ወጪው እየከበደ፣ አዘጋጆችም ለእያንዳንዱ ተውኔት የሚስማማውን ሰው ከውጭ መምረጥ እየፈለጉ ሲሄዱ፣ በሀያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም እንዲህ ያለው ቡድን በአሜሪካ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ዘንድ ብርቅ ሆነ። ዛሬ ሕንፃው ቋሚ ነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ቋሚ ነው፣ ከያኒው ግን መጥቶ ሂያጅ ነው። ይህን ሳስብ አዝናለሁ። ሰው ከሰው ጋር ዓመታት ተለማምዶ የሚያመጣውን የመድረክ መግባባት በአራት ሳምንት ልምምድ መተካት ከባድ ነው።

አሁን ከአዲስ አበባ የመጣች፣ መሪ ተዋናይት የነበረች፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት ያረፈች አንዲት ባለሙያ በሐሳባችን እናቁም። የሥራ ፈቃዷ በእጇ ነው። ፈቃዱ ሳይኖር ለትወና ክፍያ መቀበል የኢሚግሬሽን ጉዳይን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ያልያዘ ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል። የመጣችው በሴፕቴምበር ነው እንበል። ቴአትር ቤቶቹ የዓመቱን ፕሮግራማቸውን የጀመሩበት ወር ስለሆነ ጊዜው የተመቻት ይመስላል። የዓመቱ ተውኔቶች ግን የአሜሪካው ክረምት ሲወጣና በአሜሪካው ጸደይ ታውቀው፣ አብዛኞቹ ድርሻዎች ከወራት በፊት ተሰጥተዋል። በመስከረም የደረሰ ሰው ግብዣው ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የሚቀሩት የተጠባባቂ ተዋናይ ቦታዎች፣ በድንገት የሚለቀቁ ድርሻዎች፣ አዳዲስ ተውኔቶች በወንበር ተቀምጠው የሚነበቡባቸው ምሽቶችና ትንንሽ ቡድኖች ዘግይተው የሚያዘጋጇቸው ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ባዶ ሆኖ ቢያልፍ አያስደንቅም። ያ ዓመት ለሚቀጥለው ዓመት ምርጫ መታወቂያ ነው።

ከእነዚህ ቀሪ ቦታዎች ውስጥ ተጠባባቂነትን አቅልላ እንዳታይ እመክራታለሁ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ቴአትር ቤቶች አንድ ተዋናይ በታመመ ቁጥር ትርኢት ላለመሰረዝ ሲሉ ለተጠባባቂ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ ሰጥተዋል። ተጠባባቂዋ የምትተካውን ሰው ሙሉ ቃለ ተውኔት በቃሏ ታጠናለች፣ የመድረክ እንቅስቃሴውን ተቀምጣ እያየች በማስታወሻ ትይዛለች፣ ምናልባትም አንድ ቀን እንኳ ሳትወጣ ሊያልቅ ይችላል። ግን ክፍያ አላት፤ ከአዘጋጁና ከመድረክ አስተባባሪዋ ጋርም ለሳምንታት አብራ ትውላለች። በዚያ ከተማ ቀጣሪ የሚሆኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የመድረክ አስተባባሪ ስለ አንድ ተዋናይ “ሰዓቷን ታከብራለች፣ ትዘጋጃለች፣ ከሰው ትግባባለች” ብላ ከተናገረች ያ ቃል ከፎቶና ከማስረጃ በላይ ይሠራል።

ኦዲሽን የራሱ ወግ አለው። ፊትን በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍና ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የሥራ ታሪክ ይዞ መቅረብ ነው። በገጹ ላይ የተውኔቱ ስም፣ የተጫወተችው ገጸ ባሕርይ፣ ቴአትር ቤቱና አዘጋጁ በተርታ ይጻፋሉ። ብዙ የሀገራችን ባለሙያዎች “እዚህ ማን ያውቀዋል?” ብለው የአዲስ አበባ ሥራቸውን ይተዉታል። ይህ በራስ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር መሪ ገጸ ባሕርይ መጫወት ለማንኛውም የቴአትር ሰው ትርጉም አለው፤ አንባቢው ተውኔቱን ባያውቀው እንኳ የቤቱን ደረጃ ይረዳል። ከታች፣ ልዩ ችሎታ በሚባለው መስመር፣ አማርኛ፣ ሌላም የሚችሉት ቋንቋ፣ እስክስታ፣ ክራር ወይም ከበሮ ይጻፍ። ለኦዲሽን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጠባያቸው የተለያየ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚወስዱ ሁለት ቃለ ተውኔቶች ናቸው። የተወደደ ሰው ለሁለተኛ ዙር ይጠራና ከተውኔቱ የተቆረጠ ገጽ ተሰጥቶት ከሌሎች ጋር ያነባል።

አነጋገርን በተመለከተ ያለኝን ልናገር። እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ እንዲሰማ መሥራት ግዴታ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው ቃሉን መስማት አለበት። የኢትዮጵያዊነት ቃናውን ጨርሶ ለመፋቅ ዓመታት ማባከን ግን አይገባም። በቅኔያዊ አማርኛ ቃለ ተውኔት ያደገ ድምፅ ክብደት አለው፣ ትንፋሹ ረጅም ነው። አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ብዙ ወጣቶች የሼክስፒርን ረጅም አንቀጽ ለመሸከም ገንዘብ ከፍለው የሚማሩት ይህንኑ ትንፋሽ ነው። ትንሽ የሚያስቸግረው የካሜራ ያህል ቅርብ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ድምፅን መሰብሰብ ነው። የዋሽንግተኑ ዉሊ ማሞዝ ቴአትር ከሦስት መቶ በታች ወንበር ያለው ቤት ነው፤ የብሔራዊ ቴአትርን አዳራሽ የሞላ ድምፅ በዚያ ሲለቀቅ ተመልካቹን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በአንድ አጭር የትወና ኮርስ ግን ይህን ማስተካከል ይቻላል።

ስለ ሠራተኛ ማኅበር ማወቅ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል። የተዋንያንና የመድረክ አስተባባሪዎች ማኅበር፣ አክተርስ ኢኩዊቲ፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። አባሉ በማኅበሩ ውል ሲሠራ ዝቅተኛ የሳምንት ክፍያ፣ የልምምድ ሰዓት ገደብና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይጠበቅለታል፤ በቂ የሥራ ሳምንት ካጠራቀመ የጤና ዋስትናም ሊያገኝ ይችላል። ቀድሞ አባል ለመሆን ብዙ ሳምንታት በተለማማጅነት መቁጠር ወይም የማኅበሩን ውል ማግኘት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሩ ሰፍቷል፤ በአሜሪካ በተዋናይነት ወይም በመድረክ አስተባባሪነት ተከፍሎት የሠራ ሰው ማስረጃ አቅርቦ መጠየቅ ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ ይቸኩላል። እኔ ግን ረጋ በሉ እላለሁ። አንዴ አባል ከሆኑ ከማኅበሩ ጋር ውል በሌላቸው ትንንሽ ቴአትር ቤቶች መሥራት አይቻልም። አዲስ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታወቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ትንንሽ ቤቶች ነው። የሥራቸውን ጥራት የሚጠራጠር ሰው የከተማውን ትልቁን የቴአትር ሽልማት ይመልከት። በዋሽንግተን ተወላጇ በሄለን ሄይስ ስም የሚሰጠው ይህ ሽልማት ብዙ የማኅበር አባላት ለሚሠሩባቸውና ጥቂት ለሚሠሩባቸው ትርኢቶች ሁለት የተለያየ ምድብ አለው። ከመድረክ ጀርባ ለሚሠሩት፣ ለመብራት፣ ለግንባታና ለዕቃ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው አያትሲ የተባለ ማኅበር አለ፤ የዋሽንግተኑ ቅርንጫፍ ቁጥር 22 ነው። ሀገር ቤት በመብራት ወይም በመድረክ ግንባታ የሠራ ሰው ከተዋናዩ ቀድሞ እንጀራ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ መስመር ነው፤ መብራት መስቀልና ግድግዳ ማቆም የቋንቋ ጥራት እንደ ትወና አይጠይቅምና።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር፣ ወደ ክብር ልምጣ። በዋሽንግተን በርካታ ቴአትር ቤቶች በበጎ ፈቃድ ወንበር የሚያሳዩ አስተናጋጆች ይቀበላሉ፤ እነሱም ትርኢቱን ያለ ክፍያ ያያሉ። አንዳንድ ምሽቶች ደግሞ ተመልካቹ የአቅሙን ብቻ ከፍሎ የሚገባባቸው ናቸው። ለአዲስ ገቢ ከተማውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የየቤቱን ጣዕም፣ የየአዘጋጁን እጅ፣ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደሚመርጥ ያስተምራል። ሆኖም በሀገር ቤት ስሟ በቢልቦርድ የተጻፈ ሴት የእጅ ባትሪ ይዛ ለሰው ወንበር ስታሳይ ያየ የሀገሯ ልጅ ምን ይል ይሆን? “አይ ጊዜ!” ይል ይሆናል። ዘመድም በደግነት “ምነው እሷን የመሰለች ሴት!” ይላል። ይህ ቃል ይጎዳል። እኔ የማውቀው የአሜሪካ የቴአትር ሙያ ግን ትናንት የተወነውን ዛሬ መጋረጃ ሲስብ፣ ነገ ሕፃናት ሲያስተምር፣ ከነገ ወዲያ የሌላውን ተውኔት ሲያነብ የሚያሳይ ነው። እዚያ የዓመት ሥራ የሚሞላው በእንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ድርሻ ነው፤ ማንም እንደ መዋረድ አይቆጥረውም። ስለዚህ ዘመዶቿ ቢረዷት የሚበጀው ከትርኢቱ ምሽት እንዳትቀር ልጇን በመያዝ፣ ሌሊት ከባቡር ጣቢያ በመቀበል ነው።

የእንጀራ ሥራ መምረጥም ጥበብ ይጠይቃል። ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ቀን ያለማምዳሉ፣ ትንንሾቹ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ማታና ቅዳሜ እሑድ። በየመኪና ማቆሚያውና በየምግብ ቤቱ የማታ ፈረቃ የያዘ ሰው ለትንንሽ ቤቶችም ለትርኢት ምሽትም አይመችም። ከተቻለ ማለዳ ተገብቶ ከሰዓት በኋላ የሚወጣበት ሥራ ይያዝ። ከዚያ የሚሻለው ግን የትወናን ችሎታ ራሱን የሚጠቀም ሥራ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በሽተኛ ማነጋገር እንዲለምዱ በሽተኛ መስለው ለሚቀርቡ ሰዎች በሰዓት ይከፍላሉ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በዚህ የታደሉ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ራሱ የወታደር ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት እንዲህ ያለ ማዕከል አለ። ተዋናይቱ የሆድ ሕመሟን ታሪክ ታጠናለች፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በእኩል መንገድ ትጫወታለች፣ በመጨረሻም “ዓይኔን ሳታይ ነው የጠየቅኸኝ” ብላ አስተያየት ትሰጣለች። ሁለተኛው ማስተማር ነው። ቤተዝዳ ያለውን ኢማጂኔሽን ስቴጅን የመሰሉ የልጆች ቴአትር ቤቶች ድራማ የሚያስተምሩ ከያንያን ይቀጥራሉ፤ ከልጆች ጋር ለመሥራት የጣት አሻራና የፖሊስ ማጣሪያ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ጥሩ ድምፅና ጥሩ አማርኛ ያለው ሰው በአስተርጓሚነትና በድምፅ ቀረጻ ሥራ ያገኛል።

ገንዘቡን በሚመለከት ሁለት ወረቀቶችን መለየት የግድ ነው። ዳብሊው ቱ የሚባለው ሲመጣ ቀጣሪው ግብር ቆርጦ አስቀርቷል ማለት ነው። ቴን ናይንቲ ናይን ሲመጣ ምንም አልተቆረጠም፤ ከተጣራው ትርፍ ላይ ከተራው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ ግድም ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር ከያኒው ራሱ ይከፍላል። በዓመት ከግል ሥራ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ትርፍ ያገኘ ሁሉ ይህ ይመለከተዋል። ክፍያው ዓመት እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ በግምት ይከፈላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ክፍያ ሩብ ያህሉን ለብቻ ማስቀመጥና ለሥራው የወጣውን፣ ለፎቶ፣ ለኮርስ፣ ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ፣ ደረሰኙን መያዝ ያድናል። በዳብሊው ቱ የተሠራ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሉ ሲያልቅ መመዘኛውን ያሟላ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ቀጣሪው ስለ ሠራተኛው ሲከፍለው የቆየ ዋስትና ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እንግሊዝኛው መድረክ ነው። ዋሽንግተን ግን የአማርኛም መድረክ ያለባት ከተማ ናት። አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል ከሃያ ዓመት በላይ በስደት ምድር ቴአትርና የግጥም ምሽት ሲያዘጋጅ ኖሯል። አዲስ ገቢ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊያንኳኳው የሚገባው በር ይህን የመሰለ ነው፤ ስሟ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ቋንቋዋም ሳይሰነጠቅ የሚወጣው እዚያ ነው። የዚህ መድረክ ችግር አንድ ትርኢት ለጥቂት ምሽቶች፣ ያውም በኪራይ አዳራሽ መታየቱ ነው። ተመልካቹ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ተበታትኗል፣ ልጆቹም አማርኛውን በከፊል ይሰማሉ።

ጎረቤት የሠራውን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። GALA የተባለው የስፓኒሽ ቴአትር ቤት በዋሽንግተን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ስደተኛ ከያንያን ባሉበት ቡድን ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚገኘው በአሮጌው ቲቮሊ ሕንፃ ውስጥ የራሱን ቤት አገኘ። ተውኔቶቹን በስፓኒሽ እያሳየ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ያወጣል። በዚህም የስደተኛው ልጅም፣ ስፓኒሽ የማያውቀው የከተማው ሰውም አብረው ይታደማሉ፤ ከዚያም አልፎ ለተዋንያኑ በቋንቋቸው የሚከፈል ውል አለ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ወይም የመንግሥቱ ለማ ተውኔት እንዲህ ሊቀርብ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው ከባለመብቶቹ ፈቃድ ማግኘት፣ መድረክ የሚያውቅ ተርጓሚና ጽሑፉን ከትርኢቱ ጋር እኩል የሚያስኬድ ሰው ነው። ይህ የመጨረሻው ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ መስመር በመስመር ቁልፍ ይጫናል፤ ተዋናዩ ትንፋሽ ሲስብ ይጠብቃል፣ ቃል ሲዘል ይዘላል፣ ሳቁ ከቀልዱ ቀድሞ እንዳይመጣ ጽሑፉን ያዘገያል። ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማና በመድረክ ላይ የኖረ ሰው ብቻ የሚችለው ነው፤ የሚከፈልበት ሥራም ነው።